የጭቃው እስትንፋስ፦ ከማጆሬ እስከ ቢሾፍቱ

ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ያደገ ሰው የመጸዳጃ ጉድጓድ ሞልቶ መጣጭ መኪና የሚመጣበትን ቀን አይረሳም። ስድስት ሰባት ቤተሰብ በአንድ ግቢ፤ ለሁሉም አንድ ጉድጓድ። የመኪናው ወፍራም ቱቦ በቀጭኗ መተላለፊያ ተጎትቶ ሲገባ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይሰበስባሉ። ክዳኑ ሊነሣ ሲል ደግሞ በረንዳ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ኧረ ያቺን ሲጋራ አጥፋት!» ብለው ይጮኻሉ። ሽማግሌው ኬሚስትሪ አልተማሩም። ነገር ግን ከዚያ ጉድጓድ የሚወጣው ትንፋሽ እሳት እንደሚወድ፣ ወደ ውስጥ የወረደ ሰውም አንዳንዴ በእግሩ እንደማይመለስ ዕድሜ አስተምሯቸዋል። ዛሬ በልደታና በሰንጋ ተራ ከነዚያ ግቢዎች ብዙዎቹ ፈርሰው ፎቅ ቆሞባቸዋል። የሽማግሌው ማስጠንቀቂያ ግን አሁንም ሥራ አላት፤ ወደ መጨረሻው እንመለስባታለን።

ያ ትንፋሽ ስም አለው፤ ሚቴን ይባላል። አፍንጫ የሚሰነፍጠው እርሱ አይደለም፤ የሚሸተው አብሮት የሚወጣው የድኝ ጋዝ ነው። ሚቴን ሽታም ቀለምም የለውም። ደግሞም ከብስባሽ ነገር ዝም ብሎ የሚተን ጋዝ አይደለም። የሚሠሩት አሉ። ሠሪዎቹ በዓይን የማይታዩ፣ አየር የሚገድላቸው፣ ጨለማና ጭቃ ቤታቸው የሆነ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ከመካከላቸውም ሙቀት ጠልተው ብርድ የሚመርጡ ይገኛሉ። የሰው ልጅ እነዚህን ፍጥረታት ለማወቅ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ታሪኩ ከአንድ የኢጣሊያ ሐይቅ ይነሣና ዓለምን ዞሮ፣ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ቢሾፍቱ ሲደርስ የኛው ጉዳይ ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቮልታ ዱላ

ጊዜው ኖቬምበር 1776 ነው። በኋላ የኤሌክትሪክ ባትሪ ፈልሳፊ ተብሎ ስሙ በዓለም የተጠራው አሌሳንድሮ ቮልታ ያን ጊዜ የሠላሳ አንድ ዓመት ጎልማሳ ነበር። ካርሎ ጁዜፔ ካምፒ የሚባሉ ቄስ ወዳጁ በአንድ ስፍራ ከምድር የሚወጣ፣ እሳት ሲነካው የሚነድ «አየር» ማግኘታቸውን ነግረውታል። ቮልታም ነገሩ ከአእምሮው አልወጣ ብሎት፣ በማጆሬ ሐይቅ ላይ አንጌራ ከምትባለው መንደር አጠገብ፣ ሸምበቆ የበቀለበትን የሐይቁን ዳር በዱላ ይነካካ ጀመር። ዱላው ጭቃውን በወጋ ቁጥር አረፋ እየተንቦለቦለ ይወጣል። አረፋውን በውሃ በተሞላ ጠርሙስ ዘቅዝቆ አጠመደው። እሳት ሲያስጠጋበት በሰማያዊ ነበልባል ነደደ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1777፣ ይህንን ግኝቱን ለካምፒ በጻፋቸው ደብዳቤዎች መልክ አሳተመው። ቮልታ አየሩ የተገኘው ከበሰበሰ እፅዋትና እንስሳት መሆኑን በትክክል ገምቷል። የሳተው አንድ ነገር ቢኖር ሠሪዎቹን ነው። በዚያ ዘመን መበስበስ ማለት የሞተ ነገር ራሱን ሲያፈርስ ማለት ነበር እንጂ ሕይወት ያለው ፍጥረት የሚሠራው ሥራ መሆኑን ያሰበ አልነበረም። እንግዲህ ሚቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር የተዋወቀው ከሐይቅ ደለል ወጥቶ ነው። የሠራውን ፍጡር ለማየት ግን ገና ከመቶ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት።

ባልና ሚስት የመሰሉ ሁለት ፍጥረታት

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ፓስተርና ተከታዮቹ መፍላትና መበስበስ የረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ መሆኑን ካሳዩ በኋላ የሚቴንም ምስጢር ቀስ በቀስ ይገለጥ ጀመር። በ1906 ሶንገን የተባለው ሆላንዳዊ ተመራማሪ እነዚህ ፍጥረታት ሃይድሮጅንን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋሕደው ሚቴን እንደሚሠሩ አሳየ። ነገሩ ሲታሰብ ያስገርማል። እኛ እንጀራ በልተን ኦክስጅን እንደምንስበው ሁሉ እነርሱ ሃይድሮጅን «በልተው» ካርቦን ዳይኦክሳይድ «ይተነፍሳሉ»፤ ሲወጣ ሚቴን ሆኖ ይወጣል።

ችግሩ ፍጥረታቱን ለብቻቸው ነጥሎ ማሳደጉ ላይ ነበር። አየር ገዳያቸው ነውና ጠርሙሱ በተከፈተ ቁጥር ያልቃሉ። በ1950 ሮበርት ሀንጌት የተባለው አሜሪካዊ አየር ጨርሶ ሳያስገቡ እነርሱን ማሳደግ የሚቻልበትን ዘዴ አቀረበ። ዘዴው ከተገኘ በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። በ1967 ደግሞ ብራያንትና ባልደረቦቹ፣ ለዓመታት አንድ ፍጥረት ተብሎ ስም የወጣለትና በየቤተ ሙከራው ሲመረመር የኖረው ተሕዋሲ በእውነቱ ሁለት መሆኑን ደረሱበት። አንደኛው አልኮል በልቶ ሃይድሮጅን ይተፋል። ሃይድሮጅኑ ከበዛበት ግን ራሱን ያፍነዋል። ሁለተኛው ያንን ሃይድሮጅን እየተቀበለ ሚቴን ያደርገዋል። አንዱ ያለሌላው አይኖርም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ ነው።

ትልቁ ነገር የመጣው ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። በ1977 በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ካርል ዎስና ጆርጅ ፎክስ የነዚህን የሚቴን ሠሪዎች የዘር ጽሕፈት ከሌሎች ጋር ሲያስተያዩ ነገሩ አልገጥም አላቸው። ባክቴሪያ ይባሉ እንጂ ባክቴሪያ አይደሉም። እንስሳም፣ እፅዋትም፣ ፈንገስም አይደሉም። እስከዚያ ቀን ስም ያልወጣለት ሦስተኛ የሕይወት ወገን ናቸው። ዛሬ አርኬያ ይባላሉ። ብዙ ሊቃውንት ለጊዜው ነገሩን አልተቀበሉትም ነበር። ዛሬ ግን የትምህርት መጻሕፍት ሕይወት ያለውን ሁሉ ሲከፋፍሉ ለአርኬያ የራሳቸውን ስፍራ ይሰጣሉ። የተክለ ሃይማኖቱን ጉድጓድ ያስተነፈሱትም፣ በላሟ ሆድ ውስጥ ሆነው የሚያስገሷትም እነዚሁ ናቸው።

ብርድ ወዳዶቹ

እስከዚህ ድረስ የተደረገው ምርምር በአብዛኛው በሞቃት ስፍራ ነበር፤ በላም ሆድ፣ በፍሳሽ ማጣሪያ፣ በፍል ውሃ። ሙቀት ሥራቸውን ያፋጥናልና ለጊዜው ብርድ ሥራቸውን ያስቆማል ተብሎ ቢታሰብ አይፈረድም። ዳሩ ግን የጥልቅ ሐይቆች ወለል ብዙውን ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። በአውሮፓ ጥልቅ ሐይቆች የታችኛው ውሃ ክረምት ከበጋ 4 እና 5 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። ከዚያ ጭቃ ውስጥ ደግሞ ሚቴን ይወጣል። ታዲያ ማን ነው የሚሠራው?

መልሱ ከዓለም ጫፍ መጣ። በምሥራቅ አንታርክቲካ፣ ቬስትፎልድ ኮረብታዎች በሚባለው ስፍራ፣ ኤስ የሚሉት ትንሽ ሐይቅ አለ። ድሮ ከባሕር የተነጠለ ጨዋማ ውሃ ነው። ከላይ በዓመቱ አብዛኛው ወራት በረዶ ይጋረደዋል፤ ከታች አየር የሌለው ውሃው ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ያህል ነው። አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች ከዚህ ሐይቅ በ1992 አንድ፣ በ1997 ደግሞ ሌላ የሚቴን ሠሪ ለይተው አስመዘገቡ። ሁለተኛው «ሜታኖጀኒየም ፍሪጂደም» የሚል ስም ወጣለት፤ ፍሪጂደም በላቲን «ቀዝቃዛው» ማለት ነው። ይህ ፍጥረት እጅግ የሚመቸው በ15 ዲግሪ ነው። ሙቀቱ 20 ሲደርስ ማደጉን ያቆማል። ለተክለ ሃይማኖት ሰው ነገሩን ሲያስረዱት እንዲህ ነው፦ የኅዳር ማለዳ ይስማማዋል፤ ቀትር ላይ ግን ይታመማል።

ኑሮው በ1 እና በ2 ዲግሪ፣ ምቾቱ በ15 መሆኑንም አንባቢ ልብ ይበል። የሚኖረው ከሚመቸው ስፍራ አይደለም። ከተገኘው ስፍራ ነው፤ ሥራውንም ቀስ ብሎ ይሠራል። በ2001 ደግሞ የሩሲያና የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ከስዊዘርላንዱ ሶፐን ሐይቅ ደለል ሌላ ዓይነት አወጡ። እርሱ ከ1 ዲግሪ ጀምሮ እስከ 35 ድረስ ያድጋል። ከዚህ ሁሉ የተገኘው ትምህርት አንድ ነው። ብርድ የጭቃውን እስትንፋስ ያዘገየዋል እንጂ አያቋርጠውም።

ቢሾፍቱ፦ ውሃ የተኛባቸው ጉድጓዶች

አሁን ወደ አገራችን እንግባ። ቀድሞ ደብረ ዘይት ትባል የነበረችው ቢሾፍቱ በዙሪያዋ ያሉት ሐይቆች ወንዝ የፈጠራቸው አይደሉም። ከምድር ውስጥ የወጣ ቅልጥ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ናቸው። ስለዚህም ዙሪያቸው ገደል፣ መካከላቸው ጥልቅ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር፣ ባቦጋያ 65 ሜትር፣ ሆራ 38 ሜትር ያህል ይጠልቃሉ። ጣና ያን ያህል ሰፍቶ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እነዚህን ሐይቆች ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ያውቃቸዋል። የኦሮሞ ሕዝብ የኢሬቻን ምስጋና በሆራ አርሰዲ ዳር ሲያደርስ ኖሯል። የውጭ ተመራማሪዎች ደግሞ በሃያኛው መቶ ዓመት መምጣት ጀመሩ። በ1926 እና በ1927 እንግሊዛዊው ኦመር ኩፐር የኢትዮጵያን ሐይቆች እየዞረ በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታትን ሰብስቧል። በጣሊያን ወረራ ጊዜም የፋሺስቱ መንግሥት የዓሣ ጥናት ቡድን ልኮ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን አስመርምሯል፤ የዚያ ውጤት በ1941 ታትሟል። የነዚያ ዓላማ ከውሃው ምን እንደሚዛቅ ማወቅ ነበር።

የሐይቆቹን ጠባይ ለመረዳት የተደረገው ሥራ ግን ከአዲስ አበባ የተነሣ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ባክስተር፣ ፕሮሰርና ዉድ የተባሉ መምህራን፣ ታሊንግ ከሚባለው እንግሊዛዊ ጋር ሆነው በጀልባ እየወጡ ቴርሞሜትርና የውሃ መቅጃ ዕቃ ወደ ታች ሰደዱ። የመጀመሪያው ትልቅ ጽሑፋቸው በ1965፣ የጥልቀት ልኬቱና የኬሚስትሪው ጥናት በ1968 ወጣ። ዛሬ ስለ ቢሾፍቱ ሐይቆች የሚጽፍ ሁሉ ከነዚያ ቁጥሮች ይነሣል።

ያገኙት ነገር ምንድን ነው? ሐይቁ በአብዛኛው ወራት ሁለት ፎቅ ሆኖ ይኖራል። ፀሐይ የምታሞቀው የላይኛው ውሃ ቀሎ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ታች ያለው 19 እና 20 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ከብዶ ይተኛል። ሁለቱ አይደባለቁም። ከላይ የሚሞቱት ዋቅላሚዎችና ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ወደ ታች እየወረዱ ሲበሰብሱ በታችኛው ፎቅ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። የታችኛው ፎቅ አየር አልባ ይሆናል። የሚቴን ሠሪዎቹም ማዕድ የሚዘረጋው በዚህ ጊዜ ነው፤ ምግቡ በዝቷል፣ ገዳያቸው የሆነው አየር ጠፍቷል። እርግጥ ነው በ20 ዲግሪ ጭቃ ውስጥ የአንታርክቲካው ዓይነት ብርድ ወዳድ አያድግም፤ ሥራው የመካከለኛ ሙቀት ዘመዶቹ ድርሻ ነው።

ታዲያ ብርዱ የት ገባ? የታሪኩ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ የደጋ አፋፍ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ነፋሱም ይነሣል። የሐይቁ ቆዳ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ለሰማይ ይገብራል። የቀዘቀዘው ውሃ ይከብድና ይሰምጣል። በላይና በታች መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ፣ ተከታታይ የብርድ ሌሊቶች ሁለቱን ፎቆች ሊቀላቅሏቸው ይበቃሉ። ክዳኑ ይነሣል። ለወራት ታፍኖ የቆየው የታችኛው ውሃ ከነድኙ ወደ ላይ ይወጣል። ከሚቴኑ ገሚሱን ኦክስጅን ሲያገኙ የሚነሡ ሌሎች ሚቴን በል ተሕዋስያን ይጨርሱታል፤ የቀረው ወደ ሰማይ ይሄዳል። ዓሣውም የሚታፈነው በዚህ ጊዜ ነው። ባለ ሐይቅ ከተማ ነዋሪ አንድ ማለዳ ተነሥቶ የሞተ ዓሣ በውሃው ዳር ተነጥፎ ሲያይ መርዝ የተጨመረ ሊመስለው ይችላል። ብዙውን ጊዜ ግን ሐይቁ ትንፋሹን ማውጣቱ ነው።

መቀላቀሉ በየዓመቱ እኩል አይደለም። አንዱ ዓመት እስከ ወለሉ ይደርሳል፣ ሌላው ዓመት ከመካከል ይቀራል። ከዚያ በታች ያለውን አየር አልባ ጭቃ ትል አይቆፍረውም፣ ዓሣ አያምሰውም። ስለዚህ ደለሉ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተነባብሮ ይቀመጣል። በ2002 የታተመ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሟቹ የከርሰ ምድርና የጥንት አየር ንብረት ተመራማሪ ሙሐመድ ኡመር የተሳተፈበት ጥናት በሆራ ወለል ላይ ያሉትን ነጭና ጥቁር ንብርብሮች መርምሯል። የሐይቁ ወለል የዘመን ማኅደር ነው፤ ማኅደሩን የጠበቀው ደግሞ ያው የአየር እጦት ነው።

ክዳኑ የማይነሣበት አገር

ክዳን የሚነሣ መሆኑ ስንት እንደሚያወጣ ለመረዳት ወደ ጎረቤት ማየት ይበቃል። በሩዋንዳና በኮንጎ መካከል ያለው ኪቩ ሐይቅ 485 ሜትር ይጠልቃል። ታችኛው ውሃ ጨው የበዛበት ከባድ ስለሆነ የትኛውም የብርድ ሌሊት አያነሣውም። በዚህ ምክንያት 60 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ሚቴንና 300 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሥሩ ተከማችቷል። ሩዋንዳውያን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ጥቂቱን እየቀዱ ለቢራ ፋብሪካ ማገዶ አድርገውታል። ከዚያም በኋላ 26 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሥራ ጀምሯል። በረከት ነው፤ ግን በባሩድ በርሜል ላይ የተቀመጠ በረከት ነው።

ካሜሩን የሆነውን ዓለም አይረሳውም። በኦገስት 21 ቀን 1986 ሌሊት በኒዮስ ሐይቅ ሥር የተከማቸ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በድንገት ገንፍሎ ወጣ። ከአየር የሚከብድ ጋዝ ነውና በየሸለቆው ወርዶ 1,700 ያህል ሰዎችንና ከብቶቻቸውን እንደተኙ አስቀራቸው። ኒዮስም እንደ ቢሾፍቱ ሐይቆች በፍንዳታ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ልዩነቱ ከሥሩ ጋዝ እየተጨመረለት፣ ክዳኑ ግን ሳይነሣ መኖሩ ነው። የኛዎቹን ሐይቆች ከዚህ ዓይነት ክምችት የሚጠብቃቸው ምንድን ነው ቢባል፣ ከሚጠብቁት አንዱ «ቆፈን ገባ» እያልን የምናማርረው ያ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ነው።

የሽማግሌው ማስጠንቀቂያ

እንግዲህ ይህንን ካወቅን ምን እናድርግበት? ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው ብርዱን የሚመለከት ነው። ምድራችን እየሞቀች ነው። የሐይቅ ገጽ በሞቀ ቁጥር የላይኛው ፎቅ ይቀላል፣ ክዳኑም ይከብዳል። በታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ተደርገው በ2003 የታተሙ ጥናቶች ሙቀት መጨመሩ የውሃውን መቀላቀል እንደቀነሰውና ይህም የሐይቁን ምግብ እንደጎዳው አሳይተዋል። ክዳኑ ዘግይቶ ሲነሣ ደግሞ የሚወጣው ትንፋሽ የቆየና የከበደ ይሆናል። ሚቴን ራሱ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 28 እጥፍ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ መሆኑ ሲታከልበት ነገሩ ክብ ይሠራል።

ሁለተኛው በእጃችን ያለ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች መውጫ ወንዝ የላቸውም። የገባ ሁሉ ይቀራል። በየገደሉ አፋፍ ሆቴልና መዝናኛ ተደርድሯል፤ ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የምንወርደውም እኛው ነን። ወደ ሐይቅ የሚገባ ፍሳሽና ማዳበሪያ ሁሉ ዋቅላሚን ይቀልባል፤ ዋቅላሚው ሞቶ ሲወርድ ጭቃውን ይቀልባል። የተክለ ሃይማኖቱ ጉድጓድ በመጣጭ መኪና ይቀለላል። ለሐይቅ መጣጭ መኪና የለም።

ሐይቅ በሰው እጅ ቶሎ እንደሚለወጥ ያየነው እዚያው ቢሾፍቱ አጠገብ ነው። በ1989 ለመስኖ ሲባል የሞጆ ወንዝ ወደ ቂሎሌ ሐይቅ እንዲገባ ተደረገ። ጨዋማው ሐይቅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጨዋማነቱን አጣ፤ ፍላሚንጎ የሚመገበው ያ አረንጓዴ ዋቅላሚም ጠፋ። ያንን የወሰነ ሰው ክፋት አስቦ አልነበረም። ውሃ ብቻ ነበር የታየው፤ በውሃው ውስጥ ያለው ሕይወት አልታየውም።

ይህንኑ ትንፋሽ ለጥቅም ማዋል እንደሚቻል አገራችን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው የባዮጋዝ ማብላያ የተሠራው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ብቻ በገጠር ከ8,000 በላይ ቤተሰቦችን የከብት እበት ወደ ማብሰያ እሳት እንዲለውጡ አድርጓል። በደጋ ያሉ ተጠቃሚዎች በብርድ ወራት ነበልባሉ ይቀንስብናል ሲሉ የሚያማርሩት ከላይ ያየነው ሕግ በጓሯቸው ሲሠራ ነው። ተሕዋስያኑ አልሞቱም፤ በርዷቸው ሥራቸውን አዝግመዋል።

ቮልታ በዱላው ጭቃውን ሲነካ የወጣው አረፋ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የሕይወትን የዘር ሐረግ እንደገና አስጽፏል። እኛ ዘንድ ያለው ጭቃ ደግሞ ከከተማችን የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ፣ እንደ መስተዋት በሚያበራ ውሃ ሥር ተኝቷል። ሐይቁ ዳር ቆሞ ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው ሁሉ ከእግሩ በታች 80 ሜትር ድረስ የሚኖረውን እንዲያስብ ማድረግ አይቻል ይሆናል። ነገር ግን ቆሻሻውን ወደዚያ ከመልቀቁ በፊት፣ በረንዳቸው ላይ የተቀመጡት የሰፈራችን ሽማግሌ ያወቁትን ያህል ቢያውቅ ምናለ? እርሳቸው ከክዳኑ ሥር ምን እንዳለ አላዩም። የሚተነፍስ ነገር መሆኑን ግን አልረሱም።